ሁለት ዲጄዎች፣ አንድ ነጠላ ዜማና የጋሼ ማሲንቆ

እህቴ ቡና ይዛልን ገብታ ለጥቂት ጊዜ ከኋላችን ቆመችና «ማውሱን የሚነካው አንዱ ብቻ ነው፤ ሌላኛው ምን ሊሠራ መጣ?» አለች። ያን ዕለት ሁለታችንም ስቀን አለፍነው። ነገር ግን ከጓደኛዬ ጋር በጋራ የሠራነውን የመጀመሪያ የክለብ ነጠላ ዜማ ለመጨረስ በፈጀብን ሰባት ወር ውስጥ የእሷ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። በተለመደው የዘፈን ሥራ ገጣሚው፣ የዜማ ደራሲው፣ አቀናባሪውና ድምፃዊው ለየራሳቸው የታወቀ ድርሻ አላቸው፤ ማን ምን እንደሠራ አድማጩም ያውቃል። ሁለት ዲጄዎች ሲገናኙ ግን ሁለቱም ተመሳሳይ ሙያ፣ ተመሳሳይ ፕሮግራምና አብዛኛውን ጊዜም ተመሳሳይ የድምፅ ክምችት ይዘው ስለሚቀርቡ፣ ሁለተኛው ሰው የሚያመጣው ነገር ምን እንደሆነ በግልጽ አይታይም። እስካሁን የደረስኩበት መልስ ቢኖር፣ ሁለተኛው ሰው የሚያስፈልገው የመጀመሪያው በጣም የወደደውንና ለዘፈኑ የማይበጀውን ነገር እንዲያወጣ ለማስገደድ ነው የሚል ነው።

ይህን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣልኝ ስታርደስት የተባለው የፓሪስ ቡድን ነው። ቡድኑ ሦስት ሰዎች ነበሩት፦ ዳፍት ፓንክ ከተባለው የፈረንሳይ የኤሌክትሮኒክስ ሙዚቃ ቡድን ሁለት አባላት አንዱ የነበረው ቶማ ባንጋልቴር፣ አለን ብራክስና ድምፃዊው ቤንጃሚን ዳይመንድ። ብራክስ ከዚያ በፊት በባንጋልቴር የግል አሳታሚ ድርጅት በሩሌ በኩል አንድ ሸክላ አሳትሞ ነበር። ሬክስ ክለብ በተባለው የፓሪስ የጭፈራ ቤት መድረክ ላይ በቀጥታ ለመጫወት ዕድል ሲያገኝ ሁለቱን እንዲያግዙት ጠራቸው፤ ለዚያ ምሽት የተዘጋጀው መነሻ ሐሳብ በኋላ በባንጋልቴር ስቱዲዮ ተበጅቶ እ.ኤ.አ. በ1998 «ሚውዚክ ሳውንድስ ቤተር ዊዝ ዩ» በሚል ርዕስ ወጣ። በእንግሊዝ የነጠላ ዜማዎች ሰንጠረዥ ላይ እስከ ሁለተኛ ደረጃ የወጣ፣ ዛሬም በየክለቡ ሲከፈት ሰው ከመቀመጫው የሚያስነሣ ሥራ ነው።

ዘፈኑን ለሥራ ብላችሁ ስትፈትሹት የምታገኙት ነገር ግን በጣም ጥቂት ነው። ቻካ ካን እ.ኤ.አ. በ1981 ካወጣችው «ፌት» ከተባለው ዘፈን የተቆረጠች አጭር የጊታር ሐረግ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትመላለሳለች፤ ከሥር ከበሮና ባስ አለ፤ ከላይ ዳይመንድ ጥቂት ስንኞችን እየደጋገመ ይዘፍናል። ለውጥ የሚመስለን አብዛኛው ነገር የሚመጣው አዲስ መሣሪያ ስለገባ ሳይሆን ያችው ጊታር በፊልተር ታፍና ቀስ እያለች ስለምትከፈት ነው። ጎረቤት ቤት የሚጫወት ሙዚቃ በሩ ሲከፈት እንደሚጠራው ማለት ነው። ሦስት ችሎታ ያላቸው ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ይህን ያህል ጥቂት ነገር ይዘው መውጣታቸው በመጀመሪያ ስንፍና መስሎኝ ነበር። እኔ ብቻዬን ስሠራ ፕሮጀክቴ ከስልሳ ትራክ (አንዱ በሌላው ላይ ከሚደረብ የድምፅ መስመር) በታች ወርዶ አያውቅም፤ አንድ ሰው ብቻውን ሲሆን የሚከለክለው ስለሌለ ይጨምራል፣ ደግሞ ይጨምራል። ሦስቱ ሰዎች በዚያ ስም ሌላ ነጠላ ዜማ አላወጡም። ይህም ራሱ እንደዚሁ የመተው ችሎታ ይመስለኛል።

ከዚህ በተቃራኒ ያለው መንገድ የስዊድኖቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 አክስዌል፣ ሰባስቲያን ኢንግሮሶና ስቲቭ አንጄሎ ከሆላንዳዊው ሌይድባክ ሉክ ጋር ሆነው ካናዳዊቷ ዲቦራ ኮክስ የዘፈነችበትን «ሊቭ ዘ ዎርልድ ቢሃይንድ» አወጡ፤ በአንድ ነጠላ ዜማ ላይ አራት የዲጄ ስም ተደርድሮ ሳይ «አራት ሰው የሚነካው ወጥ ጨው ይበዛበታል» ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ኢንግሮሶና አንጄሎ ስቶክሆልም ውስጥ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚተዋወቁ ጓደኛሞች መሆናቸው ብዙ ነገር ያስረዳል፤ እርስ በርሱ የሚተዋወቅ ሰው «ይህ አይሆንም» ለማለት ይሉኝታ አይዘውም። ሦስቱ ስዊድናውያን በሚቀጥለው ዓመት ስዊዲሽ ሃውስ ማፊያ በሚለው ስም «ዋን»ን አወጡ፤ በመጀመሪያ ግጥም ያልነበረው ሥራ ሲሆን ከጥቂት ጊዜ በኋላ የፋሬል ዊልያምስ ድምፅ ተጨምሮበት እንደገና ወጣ። ከዚያ ተለያዩ፣ ተመልሰው ተገናኙ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ከእኛው ልጅ ከአቤል ተስፋዬ ጋር «ሞት ቱ ኤ ፍሌም»ን ሠሩ። (በፊደል ስጽፈው «ሞት» ሆኖ መነበቡን አሁን ነው ያስተዋልኩት፤ በእንግሊዝኛው የእሳት እራት ለማለት ነው።)

ወደ እኛ ሥራ ልመለስ። ጓደኛዬ ይዞ የመጣው የአሥራ አንድ ደቂቃ የማሲንቆ ቅጂ ነበር። ተጫዋቹ በዕድሜ የገፉ፣ ለረጅም ዘመን በሰርግና በየምሽት ቤቱ ሲጫወቱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ስማቸውን እዚህ ስለማልጠቅስ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ቅጂው የተወሰደው በጋሼ ቤት ውስጥ፣ ብርድ ልብስ በመስኮቱ ላይ ተሰቅሎ፣ በአንድ ማይክሮፎን ነው። ከአሥራ አንዱ ደቂቃ ውስጥ አራት ሴኮንድ ያህል የምትሆን አንዲት ሐረግ ነበረች፤ ደጋኑ የፈረስ ጭራውን ክር ለቅቆ ከመነሣቱ በፊት ትንሽ ሲያመነታ የሚሰማ የመቧጨር ድምፅ ያለባት። ሁለታችንም ያንን ስንሰማ ተያየን። ዘፈኑ እዚያ ውስጥ እንዳለ ለመስማማት የወሰደብን ጊዜ ከዚያ በላይ አይሆንም፤ የተቀረው ሰባት ወር በሌላው ነገር ሁሉ ላለመስማማት የዋለ ነው።

የመጀመሪያው ጣጣ ምቱ ነበር። የክለብ ሙዚቃ እንደሚታወቀው በአራት ምት ይቆጠራል፤ ትልቁ ከበሮ በእያንዳንዱ ምት ላይ ይወድቃል፤ ዲጄው ሁለት ዘፈኖችን የሚያጋጥመውም በዚህ እየተማመነ ነው። ጋሼ የተጫወቱት ግን ችክችካ ነው፤ በስድስት የሚቆጠር፣ እያንዳንዱ ምት በሦስት የሚከፈል። በዚያ ላይ ጋሼ እንደ ማንኛውም ጥሩ አዝማሪ እየሞቃቸው ሲሄድ ይፈጥናሉ፤ በደቂቃ 118 ምት ጀምረው 126 ላይ ነው የጨረሱት። እኔ ሐረጓን ቆራርጬ በአራት ምት ላይ ላስተኛት ሞከርኩ፤ ማሲንቆው ወታደራዊ ሰልፍ የሚሄድ መሰለ። ጓደኛዬ ደግሞ ችክችካውን እንዳለ ትቶ ትልቁን ከበሮ በየሦስቱ ክፍል መጀመሪያ ላይ አስቀመጠው፤ ያኔ ሐረጓ ተንፈስ አለች፤ እግርም ትከሻም አብሮ የሚሄድበት ነገር ሆነ። ጉዳቱን ግን ሁለታችንም አውቀነዋል፦ ሌላ ዲጄ የእኛን ዘፈን በቀጥታ ከሚሄድ የሃውስ ሙዚቃ ጋር ሲያጋጥም፣ ትልልቆቹ ከበሮዎች ቢገጥሙም በመካከላቸው ያሉት ትንንሽ ድምፆች ይጋጫሉ። ስለዚህ መግቢያውንና መውጫውን ችክችካው ሳይገባበት በባዶ ከበሮ ለመተው ተስማማን። በመረጥነው በደቂቃ 124 ምት ሲሰላ አንድ ባለ አራት ምት መስመር ሁለት ሴኮንድ አይሞላም፤ ሠላሳ ሁለት መስመር መግቢያ ደግሞ አንድ ደቂቃ ከሁለት ሴኮንድ ገደማ ይወስዳል። ዲጄ ላልሆነ አድማጭ ይህ አንድ ደቂቃ ምንም የማይሆንበት ጊዜ ነው፤ ለዲጄው ግን የሚሠራበት መሬት ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ቅኝቱ ሆነ። የጋሼ ማሲንቆ ከፒያኖ መደበኛ ድምፅ የግማሽ ድምፅ ሲሦ ያህል ዝቅ ብሎ ነው የተቃኘው፤ የተጫወቱትም በአንቺሆዬ ስለሆነ በፒያኖ ቁልፎች መካከል የሚወድቁ ድምፆች አሉበት። ኮምፒውተሩ ይህን ሁሉ በአንድ ቁልፍ «ማስተካከል» ይችላል። አስተካክዬ ለጓደኛዬ ላክሁለት፤ የመለሰልኝ አንድ ቃል ነበር፦ «ሞተ»። እውነቱን ነበር። በመጨረሻ ማሲንቆውን ወደ ባሱ ከማምጣት ይልቅ ባሱን ወደ ማሲንቆው አወረድነው፤ ሌሎቹን የኤሌክትሮኒክስ ድምፆችም እንዲሁ። ይህ መንገድ የእኛ ፈጠራ ነው ለማለት አልደፍርም። ሚካኤል ሰይፉና ኢትዮጵያን ሬከርድስ በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉ የሀገራችንን መሣሪያዎችና የአዝማሪ ድምፆች ከኤሌክትሮኒክስ ጋር ማዋሐድ የጀመሩት እኛ ገና የሰው ዘፈን በፍላሽ ይዘን በምንዞርበት ጊዜ ነው፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2014 ዋሽንግተን በሚገኝ አንድ አነስተኛ አሳታሚ በኩል ሥራዎቻቸውን አውጥተዋል። ሮፍናን ደግሞ በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ» የተባለውን አልበሙን ሲያወጣ፣ ከዲጄ መሣሪያ ጀርባ የቆመ ሰው በራሱ ሥራ አዳራሽ መሙላት እንደሚችል ለብዙዎቻችን አሳየን።

ከዚህ በኋላ የመጣው የመቀነስ ጦርነት ነበር። በመካከለኛው ክፍል ላይ ሦስት ሳምንት የደከምኩበት ሰፊ፣ እንደ ጉም የሚነሣ የሲንተሳይዘር ድምፅ ነበረኝ። ጓደኛዬ አንድ ማክሰኞ ምሽት መጥቶ ወንበሩን ሳበና ያንን ትራክ ዝም አሰኘው፤ አንድም ቃል ሳይናገር ዘፈኑን ከመጀመሪያ ጀምሮ አጫወተው። ዘፈኑ ተሽሎት ነበር። ተበሳጨሁ፤ ተነሥቼ ወደ በረንዳ ወጣሁ፤ ተመልሼም «እንግዲያው የአንተም ጭብጨባ ይውጣ» አልኩት። የእሱ ጭብጨባ ከድሮፑ (ምቱ በሙሉ ኃይል ከሚገባበት ቦታ) በፊት ባሉት ስምንት መስመሮች እየፈጠነ የሚሄድ፣ በእያንዳንዱ የበዓል ኮንሰርት ላይ የምንሰማው ዓይነት ነበር። ወጣ። በእሱ ቦታ ምንም አልተካንበትም፤ ሁሉም ነገር ለሁለት መስመር ጸጥ ይልና የደጋኑ መቧጨር ብቻውን ይሰማል። እህቴ ያኔ ብትገባ ኖሮ ሁለተኛው ሰው ምን እንደሚሠራ በዓይኗ ታይ ነበር።

ፋይሉ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ አስቀድመን አለመስማማታችን ደግሞ ራሱን የቻለ ሞኝነት ነው። አንድ ጊዜ እሱ «የመጨረሻ»ን፣ እኔ «የመጨረሻ ሁለት»ን ይዘን ለአሥር ቀን ሁለት የተለያዩ ዘፈኖች ስንሠራ ከረምን። አሁን ሕጋችን ቀላል ነው፦ ፋይሉን የከፈተ ሰው ለሌላው መልእክት ይልካል፤ እስኪዘጋ ድረስ ሌላው አይነካም።

ዘፈን ከመውጣቱ በፊት በሰው ፊት ስለመሞከር ሳስብ አንድ ምሳሌ ይመጣልኛል። አሜሪካዊው ስክሪሌክስ፣ እንግሊዛዊው ፍሬድ አጌንና የለንደኑ ራፐር ፍሎውዳን የሠሩት «ራምብል» በይፋ የወጣው እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ነው። ነገር ግን ፍሬድ አጌን እ.ኤ.አ. በ2022 የዲጄ ዝግጅቶችን በኢንተርኔት ለሚያስተላልፈው ለቦይለር ሩም ባቀረበው የለንደን ዝግጅት ላይ አጫውቶት ስለነበር፣ ዘፈኑ ከመውጣቱ ከወራት በፊት ሰው የት እንደሚገኝ እየጠየቀ ይጠብቀው ነበር። በኋላ በግራሚ የምርጥ ዳንስና ኤሌክትሮኒክስ ቅጂ ሽልማትን ወሰደ። ያልወጣ ዘፈን በሰው ፊት ማጫወት እንደ ማስታወቂያ ብቻ የሚታይ ነገር ነው፤ ለሠሪው ግን ከሁሉ በላይ ፈተና ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ያሉት ጓደኞችህ ናቸው፤ ክለብ ውስጥ ያለው ሰው ግን አይራራልህም፤ ካልወደደው መጠጥ ሊገዛ ይሄዳል።

የእኛ ፈተና ያመጣውን ልንገራችሁ። ስሙን የማልጠቅሰው፣ ጓደኛዬ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጫወትበት አንድ ቤት አለ። ሌሊት ሰባት ሰዓት አካባቢ ቤቱ በሞቀበት ጊዜ ዘፈኑን አስገባው፤ እኔ በጭፈራው መካከል ቆሜያለሁ። መግቢያው በደንብ ገጠመ፤ ባሱ ገባ፤ ሰው አልተበተነም። ከዚያ ሁለቱ የጸጥታ መስመሮች መጡና የደጋኑን መቧጨር ጠበቅሁ። ምንም የለም። ማሲንቆው ሲገባም ማሲንቆ የለም፤ ከሩቅ እንደሚሰማ ትንኝ ያለ ነገር ብቻ። ሰባት ወር የተሠራለት ድምፅ በቤቱ ውስጥ አልነበረም። ጓደኛዬ ከመሣሪያው ጀርባ ሆኖ እጁን ዘርግቶ «ምን ሆነ?» በሚል ሲያየኝ እኔም እጄን ዘረጋሁ፤ አጠገቤ የነበሩት ወጣቶች እየጨፈርኩ መስሏቸው እጃቸውን አብረውኝ አነሡ።

ምክንያቱን ያገኘነው በማግስቱ ነው። አንዲቱ ማይክሮፎን የቀዳችው ድምፅ ጠባብ ስለነበረ፣ በሄድፎን ሲሰማ ግራና ቀኙን እንዲሞላ ጓደኛዬ የማስፊያ ፕሮግራም ተጠቅሞ ነበር። ፕሮግራሙ ይህን የሚያደርገው የቀኙን ድምፅ ከግራው ጋር ተቃራኒ እንዲሆን በማድረግ ነው፤ ግራው ስፒከር አየሩን ወደ ፊት ሲገፋ ቀኙ ወደ ኋላ ይስበዋል። በሄድፎን ሁለቱ ጆሮዎች ለየብቻ ስለሚሰሙ ስፋት ይሰማቸዋል። ብዙ የክለብ ድምፅ ማጉያዎች ግን በየማዕዘኑ የቆመው ሰው እኩል እንዲሰማ ሲባል ግራና ቀኙን ደምረው በአንድ መስመር ይሰጣሉ። መግፋትና መሳብ ሲደመሩ የሚቀረው ዜሮ ነው። ከበሮውና ባሱ መሃል ላይ ስለነበሩ ምንም አልሆኑም፤ የጠፋው በጣም የምንወደው ብቻ ነው። ማስፊያውን አውጥተን ማሲንቆውን እንደተቀዳው መሃል ላይ አስቀመጥነው። በሁለተኛው ቅዳሜ መቧጨሩ ሲሰማ ከባንኮኒው ጎን የነበሩ ሁለት ሰዎች ጭውውታቸውን አቁመው ዞሩ። ከዚያ በላይ አልጠበቅሁም።

የቀረው ክፍፍሉ ነበር፤ ስለዚህ ጉዳይ ዲጄዎች ሲጽፉ እምብዛም አላይም። ጓደኛዬ ለጋሼ በቅጂው ዕለት የተስማሙበትን ገንዘብ ከፍሏቸዋል፤ በከተማችን ልማድም ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል። ተጫዋቹ የቀን ሒሳቡን ይዞ ይሄዳል፤ ስሙ የሚወጣው የዲጄው ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን ከዋኝ ለሚለው ሰው በከወነው ነገር ላይ የራሱ መብት ይሰጠዋል፤ የቀን ክፍያ ስለተቀበለ ብቻ መብቱ ተሽጧል ብሎ መገመት ለእኛ የሚመች እንጂ የሚያኮራ አይደለም። ጓደኛዬ መጀመሪያ ተቃወመኝ። «ሐረጓን የመረጥናት እኛ ነን፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ውስጥ ፈልገን ያገኘናት እኛ ነን» አለ። እኔም መለስኩለት፦ ከዘፈኑ ውስጥ የእኔን ሥራ ቢያወጡ የሚቀር ነገር አለ፤ የእሱንም ቢያወጡ ይቀራል፤ የጋሼን ሲያወጡ ምን እንደሚቀር ግን ያን ቅዳሜ በጆሯችን ሰምተነዋል። በዚህ ላይ አልተከራከረኝም። ከማናቸውም ገቢ እኩል ሦስት ቦታ የሚከፍል አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጀን፤ የሦስታችን ስምና የእያንዳንዳችን ድርሻ በግልጽ የተጻፈበት።

ወረቀቱን ይዘን ጋሼ ቤት ሄድን። ብርድ ልብሱ አሁንም በመስኮቱ ጥግ ተጣጥፎ ተቀምጧል። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ሁለተኛ አነበቡት፤ ከፈረሙ በኋላ «እስቲ አሰሙኝ» አሉ። ይዘነው የሄድነው ትንሽ ስፒከር ላይ ረጅሙን ቅጂ ከፈትንላቸው። ከበሮው መታ፣ መታ፤ ጋሼ እኔንና ጓደኛዬን እያፈራረቁ አዩን። ግማሽ ደቂቃ አለፈ። «ማሲንቆው መቼ ነው የሚመጣው?» አሉ። ጓደኛዬ ይህ መግቢያ ለሌሎች ዲጄዎች ማጋጠሚያ እንዲሆን የተተወ መሆኑን በትሕትና አስረዳቸው። በጥሞና ሰሙትና «ልጄ፣ ሙሽራው እስኪገባ ይህን ያህል ከጠበቅን እኮ እራቱ ይቀዘቅዛል» አሉት።

አጭሩን ቅጂ በዚያው ሳምንት አዘጋጀን። ማሲንቆው በአራተኛው ሴኮንድ ላይ ይገባል።